የተቀያሪዎች ገጽ

ሰኞ 2

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የኮዱን ሐሳብ በግራ ገጽ፣ የራሴን በቀኝ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ተደባለቁ። ይሁን።

ዛሬ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶ ቁርጡን ነገረኝ። አሮጌው ሰርቨር፣ ገጾቻችንን ለየስክሪኑ የሚያቀብለው ኮምፒውተር፣ ወሩ ሲያልቅ፣ ሰኞ 30፣ ይነቀላል። እስከዚያ የማዕከሉ ሃያ ሁለት ገጾች በሙሉ እንደ አዲስ ተጽፈው አዲሱ ላይ መቀመጥ አለባቸው። «ካደረስሽው ክፍሉን የምትመሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ካላደረስኩትስ የሚለውን እሱም አላነሳው፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የምንሠራው የኩላሊት እጥበት ነው። ዐሥራ አራት ማሽን አለን። ታካሚ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። እነዚህን ሁሉም ሰው በመልክ ያውቃቸዋል። ራስ ምታቱ ቀን የሚቀይሩት ናቸው። ሠርግ ያለበት፣ ልጁ የምትመረቅለት ሰው ይደውላል፣ ቀኑን ያስቀይራል፤ በተቀየረለት ቀን ጠዋት ስሙ «የዛሬ ተቀያሪዎች» በሚለው ገጽ ላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ ማሽኑ ለተጠባባቂ ይሰጥና እሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደሙ ሳይታጠብ ማለት ነው። የምጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሁሉንም ነገር በአንድ ፈንክሽን፣ በአንድ ረጅም የትዕዛዝ ጥቅል ነው የጻፈው። ዘጠኝ መቶ መስመር! ገጹን ሊያይ የመጣውም፣ ፎርም ሞልቶ የላከውም፣ ሊሰርዝ የመጣውም በአንድ በር ይገባና «እንዲህ ከሆነ፣ ካልሆነ ደግሞ እንዲህ ከሆነ» እየተባለ ይንከራተታል። ሳነበው አንገቴ ደነዘዘ። ልጁ ሥራ ለቆ የሄደው ራሱ የጻፈውን ላለማንበብ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ 4

የተቀያሪዎች ገጽ አለቀ፤ በጣም አምሮበታል። እኔው ጽፌ እኔው ላድንቀው፣ ሌላ የሚያደንቀው የለም።

ዘንድሮ ፈንክሽን አልጽፍም፣ ክላስ ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ ክላስ ሥራዎች በየክፍላቸው የሚቀመጡበት ንድፍ ነው። ድረ ገጽ በምንሠራበት ዝግጁ የፓይተን መዋቅር፣ በማዕቀፋችን፣ ቪው የሚባለው ከስክሪኑ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ክፍል ነው። ቪውው ክላስ ሲሆን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለማየት ለመጣ አንድ ሜተድ፣ ማለትም አንድ የክላሱ ክፍል፣ መዝግቦ ለላከ ሌላ ሜተድ። የመግቢያ ፍተሻውን እናቲቱ ክላስ ላይ አንዴ ጽፌዋለሁ፤ ልጆቿ ይወርሱታል። የየትኛው ቀን ዝርዝር እንደሚወጣ ደግሞ እዚያው ክላሱ አናት ላይ በአንድ መስመር አስቀመጥኩት። ከዘጠኝ መቶው ውስጥ ለዚህ ገጽ የነበረው መቶ አርባ መስመር ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ወረደ።

ከሁሉም የምወደው ግን ይህን ነው፤ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ማዕቀፉ ከክላሱ አዲስ አስተናጋጅ ፈጥሮ ያቀርብለታል። ካለፈው የተረፈ ነገር የለም። ሁሉ ነገር በየጊዜው ሀ ተብሎ ይጀመራል።

ገጹን ለመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ አሳየኋት። ሰዉ በሌለችበት «እትዬ ካርቦን» ነው የሚላት። ስልክ ተቀብላ በወረቀት ስትጽፍ ሥሩ ካርቦን ታደርጋለች፤ ኮፒውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርታለች። መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ጥሩ ነው ልጄ። ቀኑን ግን እላይ በትልቁ ጻፊልኝ።»

«ለምን?»

«የማየው የዛሬውን መሆኑን እንዳውቅ።»

«ቀኑን ለማወቅማ ግድግዳው ላይ ካላንደር አለልዎት» አልኳት። ስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ቦታ ማባከን ነው። ደግሞ «ልጄ» ትለኛለች። የማንም ልጅ አይደለሁም እዚያ፣ ባለሙያ ነኝ።

ሰኞ 9

ስድስት ገጽ አለቀ፤ ያለቀው ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። በየጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ነኝ። ቤት የጻፍኩትን እጭናለሁ፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳለሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ሲገቡ ሁሉም ዝግጁ ነው። ጥበቃው «አንቺ እዚህ ነው እንዴ የምታድሪው?» አለኝ።

ማክሰኞ 10

ዛሬ የእማዬ ዓይን ተሠራ። ሞራው ተነሣላት፤ አንድ ዓይኗ ታሽጓል። ከሐኪም ቤት መልሼ አልጋ ላይ ሳስቀምጣት «በአንድ ዓይኔም ቢሆን መክሳትሽ ይታየኛል» አለችኝ።

ቅድም ሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ ሳለሁ እትዬ ካርቦን ደወለች። ትናንት ያስመዘገበች ተቀያሪ ስሟ አይታይም። ገጹን ያድሱት አልኳት። አደሰችው፤ አይታይም። አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ደረስኩ። ለጠዋት አዘጋጅቼው የነበረውን ጫንኩ፣ ሰርቨሩን አስነሣሁ፣ ገጹን ከፈትኩ። ስሟ ቁጭ ብሏል!

«ይኸው» አልኳት።

«ቅድም አልነበረም።»

«ምናልባት 'መዝግብ' የሚለውን ሳይጫኑት ቀርተው ይሆናል።»

ጠንቋይ እንዳየች ሁሉ አየችኝ። ደግነቱ ቆርቆሮዋ ውስጥ ወረቀቱ ስለነበር ታካሚዋን አስገብታታለች።

ቅዳሜ 14

ዐሥራ አንድ ገጽ። ዝናብ። እማዬ ጠብታዋን ራሷ ልጨምር ብላ ግማሹ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ምሳ አልበላሁም። ሳምንቱን ሙሉ ከመዝገብ ክፍል አንድም ስሞታ የለም። አየሽ፣ ሲጠነቀቁ ይሠራል።

ማክሰኞ 17

ለእማዬ ክትትል ሄደን አረፈድኩ። ደግሞ ስልክ! ሁለት ስም አይታይም፤ ትናንት መጥቶ የታጠበ ሰው ግን ይታያል አለች እትዬ ካርቦን። ገጹን ከትናንት ጀምሮ ከፍታ ትታው ይሆናል አልኩ በልቤ። ስደርስ አዲሱን ጭኜ አስነሣሁ፤ አየሁ፤ ልክ ነው። ሁለቱም አሉ፣ የትናንቱ ሰውዬ የለም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አልዋሽም።»

«ይዋሻሉ አላልኩም።»

ብዬ ነበር ግን፣ በአፌ ሳይሆን በፊቴ። ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ስክሪኑን ትታ በቆርቆሮዋ ወረቀት ሰው ስታስገባ አገኘኋት። ሁለት ዝርዝር! ዋናዋ ነርስ ሲስተር ራሷ የትኛውን እንደምትከተል ግራ ገብቷታል። ሰው በሁለት ዝርዝር ከተመራ የእኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው? ደሜ ፈላ። ቀጥ ብዬ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። ጠራት። «ከነገ ጀምሮ ከስክሪን ውጪ ማንም አይገባም። ወረቀት የሚባል ነገር እንዳላይ» አላት። ቆርቆሮው እዚያው ቢሮው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

«እሺ፣ ትዕዛዝ ነው» አለች። ስንወጣ ወደ እኔ ዞራ «በሉ እንግዲህ ባለሙያዋ፣ እናንተው ታውቃላችሁ» አለችኝ።

ለእማዬ ነገርኳት፤ እንድትመክረኝ ሳይሆን እንድታደንቀኝ ነበር።

«ቆይ፣ ሴትዮዋ ምን እንዳየች አስቀምጠሽ ጠይቀሻታል?»

«ምኑን እጠይቃታለሁ? አውቃታለሁ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂያት?»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልኳት። እማዬ ያልታሸገውን ዓይኗን ፊቴ ላይ ተከለች።

ሐሙስ 19

ዐሥራ አራት። ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ሁሉም ሰላም። የሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ቆርቆሮው የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀለሙ ለቋል። ለምን እንዳየሁት አላውቅም።

ረቡዕ 25

ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ! ሦስት ቀረኝ። ወገቤ ተቆረጠ፤ ዓይኔ ስር ጥላ ወርዷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቻለሁ። ነገ ለራሴ አንድ ጠዋት እሰጣለሁ፤ ስልኬን ድምፁን አጠፋና እተኛለሁ። ሰማይ አይደፋም።

ሐሙስ 26

ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ተኛሁ። ስነሣ ሰባት ያልተነሣ ጥሪ፤ ሁሉም ከመዝገብ ክፍል።

አራት ሰዓት ላይ ስደርስ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ልብስ ሰፊው፣ ያ ቀልደኛው፣ ሰኞ ረቡዕ ዓርብ የሚመጣው፣ ተመልሶ ሄዷል። ትናንት ልጁ ስለተመረቀች ቀኑን ወደ ዛሬ አስቀይሮ ነበር። ስሙ ስክሪኑ ላይ የለም። እትዬ ካርቦን ለሲስተር ነገረቻት፣ ሲስተር ለዳይሬክተሩ ደወለች፤ እሱ ደግሞ «ከስክሪን ውጪ አይቻልም ብያለሁ» አለ። ማሽኑ ለተጠባባቂ ተሰጠ። ሰውዬው «ግድ የለም፣ ነገ መደበኛ ቀኔ ነው» ብሎ ሄደ።

የሠራሁትን ጫንኩ፣ አስነሣሁ፣ ከፈትኩ። ስሙ አለ።

ስክሪኑን በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት። «ይኸው! አሁን እንዴት መጣ?»

«ጠዋት አልነበረም» አለች፤ ድምፅዋ ወርዶ።

«እኔ ከመድረሴ በፊት አስገብተውት ነዋ።»

ይህን ሰው እየሰማ ነው ያልኩት።

ዓርብ 27

ልብስ ሰፊው ሊነጋ ሲል በአምቡላንስ ገባ። ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ትንፋሽ አጥሮታል። ከሰኞ ጀምሮ አልታጠበም እኮ። አምስት ሰዓት ማሽን ላይ ቆይቶ መለስ አለ። ሲስተር ኮሪደር ላይ ለአንዷ ስትነግራት ሰማሁ፤ «አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ልጅቷ የምረቃ ልብሷን ሳታወልቅ...» አልጨረሰችውም።

ዳይሬክተሩ ጠየቀኝ። ሲስተሙ ደህና ነው፣ ስሙም አለ አልኩ። ታዲያ ማን ነው? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ መልስ ነበር።

እትዬ ካርቦን ከሥራ ታገደች። የታካሚ ስም ሳትመዘግብ ቀርታ ኋላ ደብቃ አስገብታለች ነው ክሱ። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ከተፈረደባት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በውርደት መባረሯ ነው። እኔ ደግሞ ስሙ መቼ እንደገባ የሚያሳይ ሪፖርት እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። «አንድ ገጽ ይበቃል» አለኝ።

ስትወጣ ቦርሳዋን ብቻ ይዛ ነበር። በሩ ጋ ስንገናኝ ዓይኗን ከእኔ አላሸሸችም። እኔ ነኝ ያሸሸሁት፤ ለምን እንደሆነ ጠፋኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደል?

ቅዳሜ 28፣ ከምሳ በኋላ

ከሥር ከሥሩ ልጻፈው።

ጠዋት እንደ ልማዴ ጭኜ አስነሣሁ። ከዚያ ለሪፖርቱ የመዝገቡን የውስጥ ሰዓት አወጣሁ። እያንዳንዱ ስም ሲገባ ሰርቨሩ ሰዓቱን ራሱ ይይዛል፤ እትዬ ሊነኩት አይችሉም። የልብስ ሰፊው ስም የገባው ማክሰኞ 24፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሐሙስ አይደለም። ከሁለት ቀን በፊት፣ እሱ ራሱ በደወለበት ደቂቃ።

መጀመሪያ የሰርቨሩ ሰዓት ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። አልተበላሸም። የ10ን አየሁ፣ የ17ን አየሁ። ሁሉም ከዋዜማው ገብተዋል። ሴትዮዋ አንዲት ቀን አልዋሹም።

ታዲያ ስሞቹ ጠዋት የት ነበሩ? ይህን ደብተር አወጣሁና ገለጥኩ። ስሞታ የመጣባቸው ቀናት፤ 10፣ 17፣ 26። እኔ ያረፈድኩባቸው ቀናት፤ 10፣ 17፣ 26። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ ጽፌዋለሁ። ቀድሜ በገባሁ ቀን ሁሉ ሰላም ነው፤ ባረፈድኩ ቀን ስም ይጠፋል። ልክ ስደርስና ሰርቨሩን ሳስነሣ ይመለሳል።

የተቀያሪዎችን ክላስ ከፈትኩ። አንድ መስመር ናት። «ቀኑ ዛሬ የሆነውን አምጣ» የምትለዋ፣ ከክላሱ አናት ላይ፣ ከሜተዶቹ ውጪ። ያቺን በአንድ መስመር አስቀመጥኳት ብዬ የተኩራራሁባትን! ክላስ አናት ላይ የተጻፈ ነገር የሚሰላው ሰርቨሩ ሲነሣ፣ አንዴ ብቻ ነው። ሜተድ ውስጥ የተጻፈ ግን ጥያቄ በመጣ ቁጥር ይሰላል። የእኔ «ዛሬ» ሰርቨሩ በተነሣበት ቀን ደርቃ ቀርታለች። ማዕቀፉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ አስተናጋጅ ይፈጥራል፣ እውነት ነው፤ አዲሱ አስተናጋጅ ግን የትናንትን ቀን በእጁ ይዞ ነው የሚወለደው። ቤት ደግሞ ላፕቶፔ አንድ ፊደል በነካሁ ቁጥር ራሱን ስለሚያስነሣ አንድም ጊዜ አልያዝኳትም። እዚህ ደግሞ በትጋቴ ሸፈንኳት። በየጠዋቱ ገስግሼ እየመጣሁ ጥፋቴን ሳላውቀው እየደበቅኩ ነበር።

ገጹ ላይ ቀን ቢኖር ኖሮ እትዬ በመጀመሪያው ጠዋት ያዩት ነበር። የትናንት ነው ብለው ያሳዩኝ ነበር። ጠይቀውኝ ነበር እኮ! ካላንደር አለልዎት ብዬ መለስኩላቸው።

አሁን መሸሸግ የማይገባኝን ልጻፍ። ማስተካከያው ደቂቃ አይፈጅም። መስመሯን አውርጄ ሜተድ ውስጥ ባስገባት ሰኞ ሁሉም ልክ ይሆናል፣ ሃያ ሁለቱም ገጽ ይደርሳል፣ ክፍሉን እኔ እመራለሁ። ሪፖርቱንም አንድ ቃል ሳልዋሽ «ስሙ በመዝገብ አለ» ብዬ ልጽፈው እችላለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ይህን ሐሳብ ስንት ደቂቃ እንዳሰብኩት አልጽፍም። አስቤዋለሁ።

ከዚያ ጣቶቼን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። አልነካትም። እስከ ሰኞ ሰርቨሩን አላስነሣም፣ አንድ ፊደል አልጭንም። ኮሚቴው ፊት ገጹን ስከፍተው የዛሬን፣ የቅዳሜን ዝርዝር ማሳየት አለበት። ማስረጃዬ ራሱ ጥፋቴ ነው።

ለሲስተር ነገርኳት። የሰኞን ተቀያሪዎች በእጄ ጽፌ ሰጠኋት፤ ሦስት ናቸው። ስክሪኑን አትዪ፣ ይህን ተከተዪ አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና «የእሳቸው የስንብት ደብዳቤ ሳይጻፍ ድረሺ» አለችኝ።

እሑድ 29

እማዬ ሁለቱም ዓይኗ ተገልጧል። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «አሁኑኑ ሂጂ፣ ፊትሽንም ታጠቢ» ብቻ አለችኝ።

እትዬ ቤት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር። ልብስ እየተኮሱ ነበር፤ ካውያውን አስቀምጠው ወጡ። ግቢ አላሉኝም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ መስመሯን፣ ማርፈዴን፣ ቆርቆሮውን።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ነገ ኮሚቴው ፊት ተናገሪው። እዚህ በር ላይ የተናገርሽውን ማንም አይጽፈውም።»

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ድው አድርገው ቢዘጉት ይሻለኝ ነበር። ወረድኩ፤ ደረጃው ላይ ግን ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ 30

ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን፤ ዳይሬክተሩ፣ ሲስተር፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ ጥግ ላይ እትዬ በተተኮሰ ልብሳቸው። አንድ ገጽ ሪፖርት ነበር የሚጠብቁት። ላፕቶፑን ወደ እነሱ አዞርኩና የተቀያሪዎችን ገጽ ከፈትኩ።

«እነዚህ የዛሬ ተቀያሪዎች ናቸው?» አልኩ።

ሲስተር ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። «አንዳቸውም አይደሉም። እነዚህ ቅዳሜ መጥተው ታጥበዋል።»

«ሰርቨሩን ቅዳሜ ነው ያስነሣሁት። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ቀጥሎ ፊታቸው አስነሣሁትና እንደገና ከፈትኩ። የዛሬዎቹ ሦስት ስሞች ወጡ። ከዚያ የምዝገባውን ሰዓት አሳየሁ፤ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ያረፈድኩባቸውን ቀናት አነበብኩ። ቀናቱን ብቻ ላነብ ነበር፤ የአስተዳደር ኃላፊው «እስኪ ሙሉውን» አለ። የ17ን ሙሉውን አነበብኩ።

«እትዬ ካርቦን ማናት?» አሉ እትዬ ከጥግ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሲስተር ሳቋ አመለጣት፤ በእጇ አፈነችው። እትዬ አልሳቁም፤ ግን አልተቀየሙም መሰለኝ። «ካርቦን ቢኖር ኖሮ ሰውዬው አይመለስም ነበር» አሉ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የስልክ ትዕዛዙ የእሱ ነበር፤ ያንንም ሁላችንም እናውቃለን። «በቃ፣ ስህተቱ ታወቀ። ሴትዮዋ ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ቃለ ጉባኤው ላይ የቴክኒክ ብልሽት ብለን እንለፈው። አንቺም አትጎጂ።»

«ብልሽት አይደለም» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲነግሩኝ ያልሰማሁትም እኔ ነኝ። ዋሽተዋል የተባለው በስማቸው ከሆነ፣ አልዋሹም የሚለውም በስማቸው ይጻፍ። ልብስ ሰፊውም ለምን እንደተመለሰ ይነገረው።»

«ምን እያልሽ እንደሆነ ገብቶሻል? የክፍሉ ነገር...»

«ገብቶኛል።»

ተጻፈ። ፈረምኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ክፍሉን የሚመራ ሰው ከውጭ ይፈለጋል። አሮጌው ሰርቨር ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቆርቆሮው ከቁምሳጥኑ ወጣ። እትዬ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት፤ ክዳኑን ከፍተው አዩና ዘጉት።

ማክሰኞ 1

መስመሯን ከክላሱ አናት አንሥቼ ሜተዱ ውስጥ አስገባኋት። አሁን ጥያቄ በመጣ ቁጥር ቀኑ እንደ አዲስ ይጠየቃል። እስካሁን የጻፍኳቸውን ሌሎች ገጾች በሙሉ አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሁለቱ ላይም አገኘኋት፤ አወረድኳት። ደግሞ በተቀያሪዎች ገጽ አናት ላይ ቀኑን በትልቁ ጻፍኩ። ገጹ ራሱ ዛሬ ነው ብሎ የሚያምነውን ቀን ነው የሚያሳየው፤ ከደረቀ ደረቅነቱ ከሩቅ ይታያል።

ከዚያ ለዳይሬክተሩ ቆራጥ ሆኜ ነገርኩት። እስከ ሐሙስ 10 ሰርቨሩን አልነካም፣ ጠዋትም ቀድሜ አልገባም። ገጹ ያለ እኔ መቆም አለበት።

«ሥራ ልትፈቺ ነው?»

«መሥራቱን የማውቀው እኔ በሌለሁበት ሲሠራ ብቻ ነው» አልኩት። ግንባሩን አሸ፤ ግን እሺ አለ።

እትዬን ደግሞ ለመንኳቸው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ገጹን ከፍተው፣ ከወረቀታቸው ጋር አስተያይተው ይደውሉልኝ። «ልክ ሲሆንም?» አሉ። ልክ ሲሆንም አልኩ።

ዓርብ 4

ልብስ ሰፊውን አየሁት፤ ስድስተኛው ማሽን ላይ። ትንሽ ከስቷል። አጠገቡ በርጩማ ስቤ ተቀምጬ ነገርኩት። እንዲገባው ብዬ ስለ ክላስና ስለ ሜተድ ለማስረዳት ተንደፋደፍኩ። እጁ በቱቦ ስለታሰረ በአገጩ አቋረጠኝ።

«ተረድቼሻለሁ። እኔ ዘንድ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እለካዋለሁ። ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል። አንቺ አንዴ ለክተሽ ለሁሉ ጊዜ ሰፋሽ።»

«አዎ» አልኩት። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላጋጠመኝም።

«ታዲያ ያ ልብስ እኔን ሊያንቀኝ ነበር» አለ፤ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቁሞ ወደ ጣሪያው አየ። «ልጄ አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነበር። ያንን እርሺ አልልሽም።»

አልረሳም አልኩት። እጁን ነክቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ 8

በየጠዋቱ ይደውላሉ። ሰላምታ የለም። «ረቡዕ ሁለት፣ አራት ስም፣ ልክ ነው።» ጠቅ። «ዓርብ አራት፣ ማንም የለም፣ ልክ ነው።» ጠቅ። ዛሬም፣ «ማክሰኞ ስምንት፣ ሁለት ስም፣ ልክ ነው።» ጠቅ።

ቤት ሆኖ አንድ ሰዓት እስኪሆን መጠበቅ ቀድሞ ከመግባት ይከብዳል። እማዬ «ሂጂና እዪው፣ ካልሆነ ወለሉን ትጨርሺዋለሽ» ትለኛለች። አልሄድም። ሰርቨሩ ሰባት ቀን ሆነው ሳይነካ።

ሐሙስ 10

የመጨረሻው ቀን። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። አምስት ደቂቃ። ዐሥር ደቂቃ። ጫማዬን አድርጌ በሩ ጋ ቆምኩ። እማዬ ስልኩንና እኔን እያፈራረቀች ታያለች።

ሩብ ሲሆን ጮኸ።

«ሐሙስ ዐሥር ይላል» አሉ እትዬ። «ስድስት ስም አለ፤ ስድስቱንም ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁ። ስድስቱም ገብተዋል፤ የመጨረሻውን ማሽኑ ድረስ ሸኝቼ ነው የዘገየሁት።»

«ልክ ነው ማለት ነው?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደርም አይቻለሁ» አሉ። «እሱም ዐሥር ነው የሚለው።»

ጠቅ እስኪል ጠበቅኩ። አልዘጉም፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።